ጥያቄና መልስ፦ የፈረሰኛው ክንድ ለምን ይወድቃል? የብረት ምስሎችና ሙጫቸው

ከደብረ ማርቆስ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ለታሪክ ክበባችን የአድዋን ጦርነት የሚያሳይ ሰሌዳ እየሠራን ነው፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን የጎጃም ጦርም አካተናል። ምስሎቹ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ምስሎች ናቸው። ጦር የያዘውን የፈረሰኛ ክንድ በሱፐር ግሉ ብናጣብቀውም በማግስቱ ይወድቃል። ሙጫ ብንጨምርም ያው ነው። ከዚህ የሚሻል ምን አለ?

መልስ፦ ያስቸገራችሁ ሙጫ መጨመሩ ራሱ ነው። ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው ዕቃው ገጽ ላይ ካለችው ጥቂት እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው። ከፀጉር ባልወፈረ ስስ ሽፋን ከሆነ በደቂቃ ውስጥ ይይዛል፤ በወፍራሙ ከፈሰሰ ግን ዳር ዳሩ ጠንክሮ መሀሉ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ከደረቀ በኋላም ቀጥ ብሎ ሲጎተት ይችላል እንጂ ሲመታና ከጎን ሲላጥ ይሰነጠቃል። ረጅም ጦር የያዘ ክንድ ደግሞ የጦሩ ጫፍ በተነካ ቁጥር ጫናው ተባዝቶ የሚያርፈው ትከሻው ላይ ባለችው ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ላለው መጋጠሚያ ሙጫ ብቻውን አይበቃም፤ ውስጡ ሽቦ ያስፈልገዋል።

አስቀድሞ ግን እጠቡ። ምስሎቹ ሲወጡ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቁ የተነሰነሰው ዱቄት ገጻቸው ላይ ይቀራል፤ ሙጫው ዱቄቱን ይዞ ብረቱን ይለቃል። በሞቀ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሽታችሁ በደንብ አድርቋቸው። ቀጥሎ የሚገናኙትን ሁለት ገጾች በቀጭን ሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ። ሙጫ ሳይነካቸው ገጥማችሁ ወደ ብርሃን ስታነሱት መሀላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ገና አልተስማሙም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ አሮጌ ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ሲታሽ ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለውን በደረቁ አትሞርዱ፤ በእርጥብ ወረቀት ፈግፍጋችሁ እጃችሁን ታጠቡ፤ ትንንሽ ልጆች ባይነኩት ይመረጣል።

ለሽቦው 1 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ጫፍና በጣት የሚሽከረከር መያዣ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ትራፓኖ ለዚህ ሥራ ከመጠን በላይ ፈጣን ነው፤ ብረቱ ቆርቆሮ ያለበት ለስላሳ ቅይጥ ስለሆነ ጫፉ ሞቆ ይጣበቅበታል፣ አቅጣጫም ይስታል። ክንዱን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብሱ። ቀዳዳው አፍ ላይ ጠብታ ቀለም አድርጋችሁ ትከሻው ላይ ስትጫኑት ምልክት ይተዋል፤ ሁለተኛውን ቀዳዳ እዚያው ላይ 4 ሚሊ ሜትር አድርጉት። ጫፉን በየሁለት ሦስት ዙሩ እያወጣችሁ ፍቅፋቂውን ጥረጉ። የናስ ሽቦ ይመረጣል፤ ከጠፋ የወረቀት ክሊፕም ይሆናል። ሽቦው ከሁለቱ ቀዳዳዎች ድምር ግማሽ ሚሊ ሜትር ያጠረ ይሁን፤ ከረዘመ መጋጠሚያው አይዘጋም።

የሚያጣብቀው ደግሞ በሁለት ቱቦ የሚመጣው ኢፖክሲ ነው። እኩል ለእኩል አውጡና ቢያንስ አንድ ደቂቃ አማስሉት። አንዱ ከበዛ ለወር ቢቀመጥም ጣት ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል፤ «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ማጠንከሪያውን መጨመር የሚያመጣው ይህንኑ ነው። የአምስት ደቂቃ የሚባለው ለሥራ የምታገኙት ጊዜ እንጂ የሚጠነክርበት ሰዓት አይደለም፤ ለሙሉ ጥንካሬው 24 ሰዓት ስጡት። በደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ ይዘገያል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ጊዜው በግምት እጥፍ ይሆናል። ሲሳብ ክር መሥራት የጀመረ ድብልቅ ይጣል። ፈረሰኛውን ከኮርቻው፣ የፈረሱንም እግር ከመቆሚያው በዚሁ መንገድ አያይዙ። ጋሻና ጎራዴ ሰፊ ገጽ ካገኙ ግን አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ይበቃቸዋል።

ከባሕር ዳር፦ በክረምት በሱፐር ግሉ ያጣበቅሁት ሁሉ ዙሪያው ነጭ ጉም ለበሰ። ሙጫው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። የሙጫው ተን አየሩ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ተገናኝቶ አጠገቡ ነጭ ሆኖ ያርፋል። የሚብሰው ሙጫ ሲበዛና አየሩ ሲታፈን ነው፤ ሠርቶ ወዲያው ሳጥን ውስጥ መክደን ዋናው ጥፋት ነው። በስፒል ጫፍ ትንሽ ንኩ፤ መስኮት ክፈቱ። ቀለም ከመቀባት በፊት ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ ሽፋን (ፕራይመሩ) ይሸፍነዋል። ከተቀባ በኋላ ከመጣ አብረቅራቂ ያልሆነ ቫርኒሽ አንድ ጊዜ ስትቀቡት ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። በነገራችን ላይ፣ ሱፐር ግሉን ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ ሳትከፍቱ መጀመሪያ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ፤ በብርዱ ከተከፈተ ውስጡ ጤዛ ይዞ ቱቦው ውስጥ ይጠነክራል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ማስቲሽ፣ የአናጢ ኮላ ወይም ሲሊኮን አይሆንም?

መልስ፦ ማስቲሽ ለጫማ ነው፤ ሁልጊዜ ትንሽ ስለሚለጠጥ ክንዱ ቀስ እያለ ያዘነብላል፣ ሽታውም ጤና አይደለም። ነጭ ኮላ ብረትን ከብረት አይዝም። ውሃው ወጥቶ እንዲደርቅ እንጨት፣ ወረቀት ወይም አሸዋ ይፈልጋል። ሆምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ደግሞ እርሳስ ላለበት ምስል ጠላት ነው፤ የሚያወጣው አሲድ እርሳሱን ነጭ ዱቄት እያደረገ ይበላዋል።

ከሞጣ፦ መቆሚያውን ከካርቶን ሠርተን አሸዋ በኮላ ስንለጥፍበት ካርቶኑ ተጣመመ፤ አሸዋውም ይረግፋል።

መልስ፦ ኮላው ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ካርቶኑንም ይዞት ይጎብጣል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ወይም ፕላስቲክ ተጠቀሙ። ካርቶን ብቻ ካላችሁ ከታችም ከላይም እኩል ኮላ ቀብታችሁ ክብደት ጫኑበት። ምስሉን ከመቆሚያው አስቀድማችሁ በኢፖክሲ አያይዙ፤ አሸዋው ላይ የቆመ ምስል አሸዋውን ይዞ ይነሳል።

የወንዝ አሸዋ ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ ደርቆ፣ በወንፊት ይነፋ። በዚህ መጠን ምስሉ ከእውነተኛው ሰው ስልሳ ጊዜ ያህል ያነሰ ስለሆነ የ1 ሚሊ ሜትር ጠጠር ስድስት ሴንቲ ሜትር የሚያክል ድንጋይ ሆኖ ይታያል፤ ደቃቁን ምረጡ። ሳይቀጥን ኮላ በብሩሽ ቀብታችሁ አሸዋውን አልብሱ፣ አራግፉ፣ አሳድሩ። በማግስቱ አንድ እጅ ኮላ በሁለት እጅ ውሃ አቅጥናችሁ፣ አንድ ጠብታ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምራችሁ ከላይ አንጠባጥቡ። ሳሙናው ውሃው ክብ ሆኖ ከመቆም ይልቅ እንዲሰርግ ያደርገዋል። የአሸዋው መርገፍ የሚቆመው በዚህ ሁለተኛ ዙር ነው። ለሣር በደንብ የደረቀ የጤፍ ጭድ ደቅቆ ይሠራል፤ እርጥብ ከሆነ ግን ከኮላው ስር ይሻግታል።

ከዳንግላ፦ አጣምመን ያጣበቅነውን እንዴት እንላቅቀው? ጣታችን ላይ ያለውስ?

መልስ፦ ሱፐር ግሉ ከሆነ ምስሉን ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆዩትና ጠምዝዙት፤ በብርድ ይሰባበራል። ካልሆነ አሴቶን ውስጥ አሳድሩት። አሴቶን ቀለሙንም ያነሳል፣ የፕላስቲክ መቆሚያም ያቀልጣል፣ ከእሳትም ይራቅ። ኢፖክሲን አሴቶን ብዙም አይፈታውም፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲነከር ለስልሶ በቢላ ይላቀቃል። ጣትን ግን አትሳቡ፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክራችሁ በማንኪያ እጀታ ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት። አይን ከነካ በብዙ ውሃ ታጥቦ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ ሽፋሽፍቱን ለማላቀቅ ቤት ውስጥ ምንም አይሞከር።