እጁ ተንቀጠቀጠ ማለት ፈራ ማለት አይደለም

አንድ አባት ከኮምቦልቻ ጽፈውልኛል። ደብዳቤያቸው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው።

«ልጄ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። 29 ዓመቱ ነው፤ እዚያው አግብቷል። የሚስቱ አባት ዘንድሮ አጋዘን አደን አብረን እንውጣ ብለው ጋበዙት። ልጄ መጀመሪያ ደስታው ልክ አልነበረውም። ኮርሱን ወሰደ፣ ልብሱን ገዛ፣ ለብሶት ፎቶ ላከልኝ። ቀኑ ሲቃረብ ግን በየቀኑ ረፋድ ላይ ይደውልልኝ ጀመር። ለእሱ ሌሊት ነው። ‹አባዬ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኢላማ ስለማመድ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው ፊት ብዋረድስ?› ይለኛል። አንድ ቀን ተናደድኩና ‹የወሎ፣ የቃሉ ልጅ ጠመንጃ ይዞ ይንቀጠቀጣል እንዴ? ወንድ ሁን! ስሜን እንዳታሰድብ› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነ። እናቱ ታለቅሳለች። እኔም በወጣትነቴ ማማ ላይ ሆኜ ማሽላ ስጠብቅ ከየጎፍ ደን የወረደ ድኩላ ላይ ተኩሼ ስቻለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ልጄ ፈሪ ነው? ምን ብዬ ላናግረው?»

አባቴ፣ አብሽሩ። ልጅዎ ፈሪ አይደለም።

ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። የፈራ ሰው ሰበብ ፈልጎ ይቀራል። «ወገቤን አሞኛል» ይላል፣ «ሥራ በዛብኝ» ይላል። ልጅዎ ግን እጁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ወደ ኢላማው ተመልሶ ይሄዳል።

ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ልጅዎ እዚያ ሚስት አለው፣ ጓደኛም አያጣም። እንቅልፍ ባጣበት ሌሊት ግን የደወለው ኮምቦልቻ፣ አባቱ ጋ ነው። እርስዎ ጉዳዩን የጠመንጃ ጉዳይ አድርገው አይተውታል። እኔ ሳነበው አንድ ልጅ «አባዬ፣ አንተስ እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው የሰማሁት። መልሱን ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ጽፈውታል።

እስቲ ወደዚያ ማማ ይመለሱ። ማሽላው አሽቷል። ድኩላው ከደኑ ጥግ ወጥቶ ጆሮውን እያዞረ ቆመ። ያን ጊዜ ልብዎ ጆሮዎ ውስጥ አልመታም? አፍዎ አልደረቀም? ዐይንዎ ድኩላው ላይ ተተክሎ፣ ማሳውም ሰማዩም አልጠፋብዎትም?

ይህ የሰውነት ሥራ ነው። አእምሯችን «ትልቅ ነገር ሊመጣ ነው» ብሎ ሲያስብ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ደም ወደ እግርና ወደ ትከሻ ጡንቻ ይሮጣል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል ቢሆን ኖሮ ግሩም ነበር። አዳኝ ግን አይሮጥም። ዝም ብሎ ሲቀመጥም አድሬናሊኑ ጡንቻውን ይቀሰቅሰዋል፤ እጅም ይንቀጠቀጣል።

የርክስና ዶድሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ሥራው ቀላል ሲሆን ጠንከር ያለ ማነቃቂያ ረዳ። ሥራው ረቂቅ ሲሆን ግን መጠነኛው በለጠ፤ ሲበዛ አበላሸ። እኛም ይህን በቤታችን እናውቀዋለን። ኩንታል ለማንሳት ግልፍ ማለት ያግዛል። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ግን አያግዝም። ቃታ መሳብ ደግሞ የመርፌ ሥራ ነው። «ወንድ ሁን!» ኩንታል ለሚያነሳ ሰው የሚባል ቃል ነው። ልጅዎ መርፌ ይዞ ሳለ ነው ያሉት።

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ነገር ስም አለው። «ባክ ፊቨር» ይሉታል፤ የወንድ አጋዘን ትኩሳት እንደማለት ነው። ስም ያወጡለት ብዙ ሰው ስለሚይዘው ነው። ስንት ዓመት ያደኑ ሰዎችንም ይይዛል። ትልቅ ቀንድ ያለው ወንድ ከጫካው ብቅ ሲል መተኮሱን ረስቶ የሚቀር አለ። የልጅዎ አማት ራሳቸው አንድ ቀን ሳይዛቸው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። ልጅዎ ቢጠይቃቸው ጥሩ ነው። «የመጀመሪያው ቀን እርስዎ እንዴት ነበሩ?» ይበላቸው፤ አንድ ጥያቄ ብቻ። እንደዚህ ያለ ጥያቄ የሚስትን አባት ወደ ወዳጅ ይለውጣል።

ያው አጋዘን ስንል የእነሱ ሌላ እንስሳ ነው። የእኛ አጋዘን የተጠማዘዘ ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ ይኖራል። የእነሱ ወንድ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥልና እንደገና ያበቅላል። ጅራቱ ከሥሩ ነጭ ነው፤ ሲደነግጥ እንደ ነጭ ጨርቅ አንስቶት ይፈረጥጣል። የሚኒሶታ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በእኛ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ነው። ወቅቱ ወንዶቹ ሴት ፍለጋ የሚቅበዘበዙበት ስለሆነ አዳኙም ልቡ ተሰቅሎ ይሰነብታል። ልጅዎ ጨለማ ውስጥ፣ በብርድ፣ ደማቅ ብርቱካንማ ልብሱን ለብሶ ተቀምጦ ይጠብቃል። መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ጀምሮ ነው። ብዙዎቹ ዛፍ ላይ በታሰረ ማማ ላይ ነው የሚቀመጡት። አየዎት? እሱም ማማ ላይ ነው።

እኔም የራሴን ልንገርዎት። 16 ዓመቴ ነው። ሐይቅ አጠገብ፣ አያቴ ግቢ፣ ለዓመት በዓል በግ እንዳርድ ቢላ ተሰጠኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስጎርርበት ነበር። በጉ ተጋድሞ አንገቱ ሲቃና ግን እጄ እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ። አጎቶቼ ቆመው ያያሉ። አያቴ ምንም አላሉም። መጥተው ቁጢጥ አሉና ሻካራ መዳፋቸውን እጄ ላይ ጫኑት። ሞቅ ያለ ነበር፣ ትንባሆ ትንባሆ ይሸታል። መንቀጥቀጡ እስኪበርድ ጠበቁኝ። ከዚያ ቢላውን ቀስ አድርገው ወሰዱና ራሳቸው አረዱት። በሚቀጥለው ዓመት እኔ አረድኩ። ያን ቀን አያቴ «አንተ ሴት ነህ እንዴ?» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ቢላ የምይዝ አይመስለኝም።

አሁን ለልጅዎ ስለሚጠቅመው ነገር። አንደኛው የስም ጉዳይ ነው። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት አለ። ንግግር ሊያደርጉ ወይም የሒሳብ ፈተና ሊቀመጡ ልባቸው የሚመታ ሰዎችን ለያይተው አዩ። ልረጋጋ ብለው ከታገሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ወደሚለው ስሜት ያዘነበሉት የተሻለ ሠሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፍርሃትና ጉጉት ሰውነት ውስጥ በጣም ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ልብ ይመታል፣ በሁለቱም እንቅልፍ ይጠፋል። ልጅ ሳለን የበዓል ዋዜማ አዲስ ልብሳችንን ትራስ ሥር አድርገን ስንገላበጥ የምናድረው ፈርተን ነበር እንዴ? ልጅዎ «መረጋጋት አለብኝ» ብሎ ራሱን ማስጨነቁን ይተው። «ጓጉቼ ነው» ይበል። እውነትም ነው፤ ልብሱን ለብሶ ፎቶ የላከው ሰው ጓጉቷል።

ሁለተኛው፣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይወስን። «እጄ ከተንቀጠቀጠ፣ ጣቴን ከቃታው አወጣለሁ፣ ሦስት ጊዜ ረጅም ትንፋሽ አወጣለሁ፣ ካልበረደ አልተኩስም።» ይህን ቃል በቃል ይያዘው። ትንፋሽ ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱ ይርዘም፤ የልብን ምት የሚያዘገየው ማስወጣቱ ነው። ጠመንጃውንም በባዶ እጁ ከመሸከም ማማው ጠርዝ ላይ ወይም መደገፊያ ላይ ያሳርፈው። ልምምዱንም እንደዚያው፣ ቁጭ ብሎ፣ ያንኑ ወፍራም ካፖርትና ጓንት ለብሶ ያድርገው። ገላ የሚያውቀው ነገር ብዙ አያስደነግጠውም።

ስለ እንቅልፉ ብዙ አልጨነቅም። የዋዜማው ሌሊት እንቅልፉ ትንሽ ቢጎድል የከፋ ነገር የለውም። አልጋ ላይ ስልክ እየነካካ የአደን ቪዲዮ ማየቱን ብቻ ይተው።

ግን አባቴ፣ አንድ ነገር ይጠይቁት። የሚያስጨንቀው መሳቱ ነው ወይስ መግደሉ? «ሰውዬው ፊት ብዋረድስ» ማለቱን ጽፈውልኛል። ከዚያ ሥር ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ብዙ ጀማሪ አዳኞች የሚፈሩት እንስሳው ቆስሎ ሲሰቃይ ማየትን ነው። ይህ ከሆነ እባክዎ አያጣጥሉበት። ይህ ርኅራኄ ነው። ጥሩ አዳኝ የሚያደርገውም እሱ ነው፤ ከእንስሳው ጀርባ ምን እንዳለ አይቶ፣ ቦታውን ለይቶ፣ ካልተመቸው አፈሙዙን እንዲያወርድ የሚያደርገው። ልጅዎ መተኮስ ግዴታው እንዳልሆነ ከአባቱ አፍ ይስማ። ሄዶ፣ አይቶ፣ ሳይተኩስ መመለስ ይችላል። ማማው ላይ ሲወጣ ማሰሪያ ቀበቶውን እንዳይረሳም ይንገሩት፤ አዳኞችን ከሚጎዱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከዚያ መውደቅ ነው። አባት ስለ ቀበቶ ሲያስታውስ ልጅ ፍቅሩን ይሰማዋል።

ሌላም አለ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ልጅዎ መቼ እንደሄደ አልነገሩኝም። በእኛ 2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ እዚሁ ነበር? ከነበረ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። የዚያን ሰሞን የተኩስ ድምፅ የሰማ ሰውነት አሁንም አልረሳውም። ወሩም ያው ጥቅምት ነው። ቢሮዬ ውስጥ በር ጓ ሲል ከወንበራቸው የሚነሱ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ጠንካራ ገበሬዎች ናቸው። ልጅዎ የሚንቀጠቀጠው ኢላማው ላይ ብቻ ነው ወይስ ርችት ሲተኮስም ነው? ሕልም ያባንነዋል? ያ ቀን ዐይኑ ላይ ይመጣበታል? አዎ ካለ፣ ትንፋሽ ማስወጣት ብቻውን አይበቃም። ዘንድሮ አደኑ ይቅርበት፤ እዚያ ያለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግር። ለአማቱም ምክንያቱን ይንገራቸው። ልባም ሰው ይህን ሰምቶ አይንቅም።

ደብዳቤዎ ውስጥ ያደነው ሥጋ ይበላል ወይ ብለው የጠየቁኝን ለሸኽዎ ትቼዋለሁ፤ የእሳቸው ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ስልኩ። ይቅርታ መጠየቅ ለአባት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። በሀገራችን የአባት ይቅርታ ብዙ ጊዜ በምሳ ግብዣ ወይም «በላህ ወይ?» በሚል ጥያቄ ነው የሚመጣው። ልጅዎ ሩቅ ነው፤ ምሳ መጋበዝ አይችሉም። ስለዚህ በቃል ይሁን። ይህንንም ወዲያው ያድርጉት፣ የአደኑን ሳምንት አይጠብቁ። «ያን ቀን የተናገርኩህ ልክ አልነበረም» ማለት ይበቃል። ከዚያ ምክር አይጨምሩ። ከላይ የጻፍኩትንም ሁሉ በአንዴ አይዘርግፉበት። መጀመሪያ የድኩላውን ታሪክ ይንገሩት። ማሽላው ምን ያህል እንደነበረ፣ ጠመንጃው የማን እንደነበረ፣ ትከሻዎን እንዴት እንደመታዎት፣ ድኩላው በየት በኩል እንዳመለጠ፣ ቤት ገብተው ለእናትዎ ምን ብለው እንደዋሹ። ሁሉንም።

አደኑ የሚከፈተው ቅዳሜ ነው። በዋዜማውም ዓርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይደውሉለት። ያን ሰሞን እኛ እንደ ዓመቱ በ8 ወይም በ9 ሰዓት ስለምንቀድማቸው እዚያ እኩለ ቀን ገደማ ይሆናል፤ ምሳ ላይ ያገኙታል። እናቱም አጠገብዎ ትቀመጥ። ካላነሳ አይናደዱ። በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ይተዉለት። እንዲህ ብለው ይጀምሩ፦ «ልጄ፣ እኔም ማማ ላይ ሳለሁ እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። ልንገርህ...»