ደመወዙን ትቶ ሥዕሉን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ፤ የድርጅት ግራፊክ ዲዛይነርነትን ትቶ በግል ሥዕል መሥራት።

የትኛውን ታብሌት ልግዛ? (ፍኖተ ሰላም)

ያለህን ተጠቀምበት። ሌላውን ሥዕሉ ራሱ ይግዛልህ።

የፈጠርኳትን ጦጣ ይዣት መውጣት እችላለሁ? (ባሕር ዳር)

ጠያቂዋ በአንድ ድርጅት ተቀጥራ ካላንደርና ብሮሸር ትሠራለች። ለካላንደሩ የሣለቻት፣ ነጠላዋን ያጣፋች የዘጌ ጦጣ በሰው ዘንድ ተወዳለች። አሁን መልቀቂያ ልታስገባ ነው፤ ጦጣዋንም ለራሷ የልጆች መጽሐፍ ፈልጋታለች። «በእጄ የሣልኳትን ማን ይከለክለኛል?» ትላለች።

አሠሪሽ ነዋ፣ እኅቴ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቅጥር የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም አባዝቶ የመሸጡ መብት፣ የአሠሪው ነው። የሥዕሉ ሠሪ ተብሎ መጠራት ግን የአንቺው መብት ሆኖ ይቀራል። ሕጉ ሐሳብን ሳይሆን የተገለጠበትን መልክ ስለሚጠብቅ ሌላ ጦጣ ብትሥዪ ማንም አይናገርሽም፤ ጣጣው ያንኑ ፊትና ያንኑ አጣፋ መድገሙ ላይ ነው። እሷኑ ካልሆነ ካልሽ መልቀቂያው ሳይፈረም፣ ገና ወንበርሽ ላይ ሳለሽ ጠይቂ። እሺ ካሉሽ በደብዳቤ ይስጡሽ፤ የቀድሞ ሥራዎችሽን ለናሙና እንድታሳዪ መፍቀዳቸውም እዚያው ይጻፍ።

ትልቁ ጉድ ግን ከበሩ ውጭ ነው። ያው አዋጅ አዝዞ የሚያሠራሽንም ሰው እንደ አሠሪ ነው የሚያየው፤ ሌላ ውል ከሌለ መብቱ ወደ እሱ ይሄዳል። «ራሴን ቻልኩ» ብለሽ ለአንድ አሳታሚ 12 ገጽ በቃል ስምምነት ብትሥዪለት፣ ነገ ሥዕልሽን ደብተር ሽፋን ላይ፣ ኩባያ ላይ፣ ቦርሳ ላይ አትሞ ሲቸበችበው ቆመሽ ማየት ነው። «የአገሬ ልጅ ነው፤ ወረቀት ብጠይቀው ይቀየመኛል» የሚሉኝ ደግሞ አሉ። ይቀየማ! ስንት ሠዓሊ በይሉኝታ ባዶ እጁን ቀርቷል።

ስለዚህ እርሳስ ሳታነሺ ይጻፍ። ሥዕሉ ለየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለስንት ቅጂ እንደሚውል፤ የቀረው መብት ሁሉ የአንቺ እንደሆነ፤ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስንት ጊዜ እንደምታርሚ፤ ሥራው መሀል ላይ ቢቋረጥ ምን እንደሚከፈልሽ። የመጀመሪያውን ውል ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሚ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ፤ «ማናቸውንም መብት አስተላልፌያለሁ» የምትል አንዲት ሐረግ ገብታ ከሆነ ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች።

ነገ ብለቅስ? እናቴ ግን አበደ እያለች ነው (ደብረ ማርቆስ)

ነገ እንኳ አይሆንም፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እናትህም ግማሽ እውነት አላቸው። ይህ ገበያ ወቅት አለው፦ ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ጥሪ ካርድ ይጎርፋል፤ ክረምት ላይ የአዲስ ዓመት ካርድና ካላንደር ይመጣል፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጭር ነው። አንተ ልትለቅ ያሰብከው የካቲት ላይ ነው! ማታ ማታ እየሠራህ ተመላልሰው የሚያዙህን ደንበኞች ያዝ፤ ያኔ እናትህን የሚያሳምን ነገር ይኖርሃል።

ግብርስ? (ደጀን)

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጣ፤ ያለ ደረሰኝ የሚከፍል ድርጅት አታገኝም። የቀረውን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፤ የኔ ሙያ አይደለም።

ማተሚያ ቤቱ አረንጓዴዬን አመድ አደረገብኝ (ቡሬ)

ማተሚያ ቤቱን ተወው። በአርጂቢ፣ በስክሪኑ የብርሃን ቀለም አሠራር፣ ሠርተህ ነው የላክኸው፤ ስክሪን በብርሃን የሚያሳይህን አረንጓዴ የማተሚያ ቀለም ወረቀት ላይ አያመጣውም። ገና ስትጀምር በሲኤምዋይኬ፣ በማተሚያው የቀለም አሠራር፣ ክፈተው፤ ጥራቱ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፣ ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ተውለት፣ ከዋናው ኅትመት በፊትም አንድ ናሙና አስወጣ።

ሌሊት ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ ማሸት ይበቃል? (ሞጣ)

አይበቃም። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሀል ጣት ሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሱሽ ከሆነ በእጅሽ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ሲያዝ አንጓን በሚደግፍ ማሰሪያና በዕረፍት የሚሻለው ብዙ ነው፤ ሲቆይ ግን የአውራ ጣት ሥር ጡንቻ ይሟሽሻል። ወጌሻ ጋ እንዳትሄጂ። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቅረቢ፤ የምታስረክቢው ሥራ ካለም ደውለሽ ቀኑን አስረዝሚ።