ሻጩ ያላነበበው ሳንቲም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት እተዳደራለሁ። ከአያቴ ጠገራ ብር ከወረስኩ ወዲህ የድሮ ገንዘብና ቴምብር የመሰብሰብ ፍቅር አድሮብኛል። ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ጨረታ እየተጫረተ ሊገዛልኝ ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን ዓይናችን የገባው ሁሉ ዋጋው አይቀመስም። «በቅጡ ያልተገለጸ ዕቃ ፈልጉ፣ ርካሹ እዚያ ነው» ይሉናል። ያልተገለጸ ዕቃ እንዴት ይፈለጋል?
ሰ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ፣ ከሌሎቹ ተጫራቾች የምትበልጪበት ነገር በእጅሽ አለ፤ ፊደል ቆጥረሻል። የምኒልክን ብር ከሟች ዘመዱ መሳቢያ ውስጥ ያገኘ አንድ የውጭ አገር ሰው የሚያየው ዘውድ የጫነ ንጉሥ፣ ባንዲራ የያዘ አንበሳና የማያውቀው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ «አሮጌ ሳንቲም፣ ምናልባት የአርመን» ብሎ ያወጣዋል። ኢትዮጵያ ብሎ የሚፈልግ ሰው ይህን ዕቃ አያገኘውም፤ ተጫራች ሲያንስ ደግሞ ዋጋው አይወጣም።

ስለዚህ ወንድምሽ የአገራችንን ስም ብቻ ጽፎ አይፈልግ። «አንበሳ»፣ «ያልታወቀ የብር ሳንቲም»፣ «የዓለም ሳንቲሞች ድብልቅ» እያለ በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም ይሞክር። ብዙ ሻጮች አሁንም አቢሲኒያ ይላሉ፤ ጀርመኖቹ አቤሲኒየን። ፊደል ገድፈው የሚጽፉም ሞልተዋል፤ ስለዚህ በስህተት አጻጻፉም ይፈለግ። ከዚያ ርእሱን ትቶ ፎቶግራፉን ይላክልሽ። ፲፰፻፹፯ የሚለውን አንቺ በአንድ እይታ ታነቢዋለሽ፤ ዘመኑም የእኛ በመሆኑ በፈረንጆቹ 1894 ወይም 1895 መሆኑን ታውቂያለሽ። ትንሹ ላይ «የብር ሩብ» የሚል ካየሽ ሻጩ ምን እንደሚሸጥ ከእሱ ይልቅ አንቺ አወቅሽ ማለት ነው።

ፎቶው ደብዛዛ ከሆነ ከንጉሡ ዘውድ በላይ ያለውን የሳንቲሙን ጠርዝ አተኩረሽ እዪ። በእኛ አገር ስንቱ ብር ማንጠልጠያ ተበይዶበት የአንገት ጌጥ ሆኗል! ማንጠልጠያው ቢነቀልም እብጠቱ ወይም የተሞረደው ቦታ ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ከብሩ ክብደት ዋጋ በላይ አትክፈይበት። ከመጠን በላይ የሚያብለጨልጭም ታጥቧል ማለት ነውና ሰብሳቢ ይሸሸዋል። የራስሽንም በሎሚና በአመድ እንዳታሽው። ሻጩ በሚዛን አድርጎ ፎቶ እንዲልክ ጠይቁት፤ የምኒልክ ሙሉ ብር 28 ግራም ገደማ መመዘን አለበት። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ብር አይደለምና ጉዳዩ አለቀ።

በማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ላይ ግን ርካሽ አገኛለሁ ብለሽ አትድከሚ። ሁሉም ማለት ይቻላል 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት አለው፤ በላዩ የተቀረጹት የኦስትሪያ እቴጌ ከሞቱ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖሯል። ይህን የማያውቅ ሻጭ ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ያገኘ ይመስለውና ዋጋ ይቆልላል። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ እንኳ ቢሆን የምትከፍይው ለብሩ ነው።

ወደ ቴምብር ስመጣ ብዙ እንዳላወራ ራሴን እገታለሁ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን የላቲን ጽሑፍ የለባቸውም፤ ስለዚህ በድብልቅ ክምር ውስጥ ተጥለው ይገኛሉ። ግን አትቸኩይ፤ ማኅተም ያላረፈባቸው ለሰብሳቢ ብዙ ስለተሸጡ ዛሬም ውድ አይደሉም። የሚፈለገው ከነፖስታው የተገኘ፣ የሐረር ወይም የእንጦጦ ማኅተም ጥርት ብሎ ያረፈበት ነው። ቴምብሩን ከፖስታው ቀዶ የሚሸጥ ሰው ሳይ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ብራና፣ ታቦት፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል ካጋጠማችሁ ግን የርካሽ ነገር ይቅር። መቅደላ የእኛው የወሎ ተራራ ናት፤ በ1860 ዓ.ም. ከዚያ የተጋዘው ዛሬም በየጨረታው ብቅ ይላል። በ2013 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ለሽያጭ የወጡ የመቅደላ ዕቃዎች ኤምባሲያችን ጠይቆ ከጨረታ ወጥተው በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ፎቶውን አስቀርታችሁ ለኤምባሲው ላኩ።

አጫረቱን በተመለከተ፣ ወንድምሽ የመጨረሻ ዋጋውን አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ፤ ጨረታው ሊዘጋ ሰከንዶች ሲቀሩት ያንኑ አንድ ጊዜ ያስገባ። የኮምፒውተሩ ሥርዓት ከተፎካካሪው ትንሽ ከፍ አድርጎ ይይዝለታል እንጂ ሙሉውን አያስከፍለውም። ቀድሞ ከገባ ግን ሌላው ተጫራች ነቅቶ ሊያስወድድበት ጊዜ ያገኛል። የመላኪያውን ሒሳብ ማየት አይርሳ፤ 5 ዩሮ የወጣበት ሳንቲም 15 ዩሮ ለፖስታ ሲጠየቅበት አይቻለሁ።