ሲበላሽብሽ አታጥፊው

የጻፈችልኝ የኮምፒውተር ሳይንስ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ ሲስተም መማር ከጀመረች አራት ወር ሆኗታል። በአራት ወር ውስጥ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራና ደቢያን የተባሉ የሊኑክስ ዓይነቶችን ጭና አጥፍታለች፤ አሁን ተመልሳ ኡቡንቱ ላይ ናት። «አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ሌላ እጭናለሁ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ስከፍት እጄ ይተሳሰራል። የአሁኑም ድምፅ አልሰጥ ብሎኛል፣ ዓርብ አጥፍቼው ሌላ እሞክራለሁ። ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» ትላለች። ወጪዋን የሚሸፍነው ታላቅ ወንድሟ ደግሞ «በነፃ የሚታደል ነገር ሰው አያኖርም» ብሏታል። ካልሆነም ውድ የሰርተፍኬት ኮርስ አሁኑኑ እንድትጀምር ይፈልጋል።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። የራሴን የመጀመሪያ ዓመት አስታውሼ ነው። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት የሰርቨር (ለብዙ ሰው አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር) ባለሙያ ነበርኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ፈረቃ። ስለዚህ ወደዚያ መንገድ ካዳላሁ ታገሺኝ።

አንድ ሌሊት የሰርቨሩ ዲስክ ሞላና ሥራው ሁሉ ቆመ። ፈልጌ ፈልጌ አንድ ግዙፍ የሎግ ፋይል (ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) አገኘሁና ሰረዝኩት። ዲስኩ ግን አሁንም ሙሉ ነው። ፋይሉ ጠፍቷል፣ ቦታው አልተለቀቀም። ላብ አጠመቀኝ። ሁሉንም ከባዶ እንደገና ልጭን ስል የፈረቃ ጓደኛዬ «ቆይ እስቲ» አለኝ። ለካ ሊኑክስ ላይ ፋይል ስትሰርዢ የሚነሳው ስሙ ነው፤ የከፈተው ፕሮግራም እስኪለቀው ድረስ ቦታውን እንደያዘ ይቆያል። «ኤልሶፍ» (lsof) በሚባለው ትእዛዝ የያዘውን ፕሮግራም አገኘን። እሱን ብቻ አጥፍተን ስናስነሳው ዲስኩ ተነፈሰ። ያን ሌሊት ከባዶ ብጭነው ኖሮ ይህን አላውቅም ነበር። በኋላ በገባሁበት የሥራ ቃለ መጠይቅ ይችኑ ጥያቄ ጠየቁኝ።

አንቺ አምስት ጊዜ ጭነሻል። መጫን ከሁለተኛው በኋላ ብዙም አያስተምርም። አራቱንም ጊዜ አጥፍተሽ የወጣሽው ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ነው።

ስለዚህ ለስድስት ወር ኡቡንቱ ላይ ቆዪ። በየ2 ዓመቱ የሚወጣውንና የ5 ዓመት ድጋፍ ያለውን እትም ያዢ። የሆነ ነገር ሲበላሽ በመጀመሪያ የስህተት መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ይህን የማያደርግ ሰው ብዛቱ አይጣል ነው! ካልገባሽ «ጆርናል ሲቲኤል» (journalctl) ብለሽ ሎጉን እዪ። የማታውቂው ትእዛዝ ካጋጠመሽ ከስሙ በፊት «ማን» (man) ብለሽ ጻፊ፤ መመሪያው ይከፈታል። በ«ሱዶ» (sudo) የሚጀምር ትእዛዝ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ነው የሚሠራው፤ ምን እንደሚያደርግ ሳታውቂ ከየትም ገልብጠሽ አታስገቢ። ፋይል አልከፈት ሲልሽ «ቸሞድ 777 (chmod 777) በይው» የሚልሽን አትስሚ። ማንም እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲያስኬድ መፍቀድ ነው፤ ቁልፍ ጠፋ ብሎ በር እንደ መንቀል።

ለእጅሽ መተሳሰር ደግሞ የምታበላሺው ቦታ ያስፈልግሻል። በኮምፒውተርሽ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚፈጥረው ቨርቹዋልቦክስ ሌላ ኡቡንቱ ጫኚ፣ ስናፕሾት (የዚያን ሰዓት ሁኔታውን የሚያስቀምጥ ቅጂ) ያዢ፣ ከዚያ ሆን ብለሽ አበላሺው። ለመጠገን ሞክሪ፤ ካቃተሽ ወደ ስናፕሾቱ ትመለሻለሽ። ዋናው ኮምፒውተርሽ ምንም አይሆንም።

ዊንዶውስን ላጥፋው ወይ ላልሽው፦ አታጥፊው፣ ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ ፋይሎችሽን ግን ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጪ። እንግሊዝኛሽ ያሳስበኛል ላልሽው፦ የስህተት መልእክት ባነበብሽ ቁጥር ይሻሻላል።

ወንድምሽ ጋ ልምጣ። ስለሚከፍልልሽ ሊመሰገን ይገባዋል፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስቷል። «ነፃ» ሲባል የሰማው ዋጋ የሌለውን ብቻ ነው። ሊኑክስ ነፃ የሆነው ማንም ኮዱን አይቶ፣ ቀይሮ መልሶ ማከፋፈል ስለሚችልም ጭምር ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ውስጥ ሲጀምረው እንዳንቺ ተማሪ ነበር። ሥራዋ ሁሉ በዚሁ «በነፃ በሚታደል» ነገር ላይ የቆመውን ሬድ ሃት የተባለውን ኩባንያ አይቢኤም በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቷታል። የሚከፈለው ሲስተሙ እንዳይቆም ለሚጠብቀው ሰው ነው። ወንድምሽ የያዘው አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ደግሞ «አያኖርም» ብሎ የላከልሽ መልእክት ራሱ የተጻፈው በሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ነው። ይህን ንገሪው፣ ቀስ ብለሽ።

ኮርሱን አሁን አትውሰጂ። ለምሳሌ የሬድ ሃት የመጀመሪያ ደረጃ የሰርተፍኬት ፈተና ምርጫ እየከበብሽ የምታልፊው አይደለም፤ ማሽን ፊት ተቀምጠሽ ሥራውን ራሱን ትሠሪያለሽ። ሳትዘጋጂ ገብተሽ ገንዘቡን አታቃጥዪበት። በስድስት ወሩ መጨረሻ እንነጋገርበት።

ዓርብ ያንን ኡቡንቱ አታጥፊው። አንድ ደብተር አውጪና ቀኑን ጻፊ። ከሥሩ ምን እንዳደረግሽ፣ ማሽኑ ምን ብሎ እንደመለሰልሽ፣ ምን እንደፈታው። የመጀመሪያው ገጽ የዚህ የድምፁ ጉዳይ ይሁን።