ጥቁሩ ይፋቃል፣ ቢጫው ቡናማ ሆነ

አንድ ወጣት ሰዓሊ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ለጸሎት ቤት መስኮት ቅዱስ ገብርኤልን መስታወት ላይ ሣልኩ። የፊቱን መስመር በጥቁር የመስታወት ቀለም፣ አክሊለ ብርሃኑን ደግሞ በብር ቢጫ ሠራሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ 580 ዲግሪ ተኮስኳቸው። ጥቁሩ በጥፍር ይፋቃል፤ ቢጫው ጭቃ መስሎ ቡናማ ወጣ። ቀለሙ የተበላሸ ይሆን?»

ቀለሙ ደህና ይመስለኛል፤ ከሻጩ ጋር አትጣላ። ዋናው ችግር ሁለቱን በአንድ እሳት መተኮስህ ነው።

ጥቁሩ ዱቄት የደቀቀ መስታወትና የብረት ወይም የመዳብ ኦክሳይድ ድብልቅ ነው። መስታወቱን የሚይዘው በውስጡ ያለው የደቀቀ መስታወት ቀልጦ ሲዋሐድ ነው። አብዛኛው ዓይነት ለዚህ ከ650 እስከ 680 ዲግሪ ይፈልጋል። በ580 ገና ስላልቀለጠ እንደ አቧራ ተለጥፎ ይቀራል። በደንብ ሲበስል ትንሽ ያብረቀርቃል፣ በጥፍር አይነሣም። እሳት ከበዛበት ግን መስመሩ ይደበዝዛል።

ብር ቢጫ፣ ማለትም ከሸክላ ጋር የተለወሰ የብር ውሁድ፣ ጠባዩ ሌላ ነው። ላዩ ላይ አይቀመጥም፤ ብሩ መስታወቱ ውስጥ ገብቶ ራሱን መስታወቱን ያቀልመዋል። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የአውሮፓ ባለሙያዎች ፊትንና ወርቃማ ፀጉርን በአንድ ነጭ መስታወት ላይ፣ መሀል ላይ ቁርጥራጮችን የሚያያይዝ የእርሳስ (ሊድ) ብረት ሳይገባ፣ የሠሩት በዚህ ነው። የሚበቃው ከ540 እስከ 600 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ጥቁሩን አስቀድመህ ተኩስ። ሲቀዘቅዝ መስታወቱን ገልብጠህ ቢጫውን በጀርባው ቀባ፤ ከዚያ ዝቅ ባለው እሳት ድገመው። ጥቁሩ በዚያ ሙቀት አይላላም።

የአንተ ቢጫ ቡናማ የሆነበት ምክንያት፣ ወይ ወፍራም ቀብተኸዋል፣ ወይ የቆርቆሮው ፊት ላይ አርፏል። የዛሬ የመስኮት መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ ተንሳፍፎ ስለሚሠራ አንዱ ፊቱ ቆርቆሮ ይቀርበታል። ያ ፊት ብሩን አብዝቶ ይቀበላል። አጭር ሞገድ ያለው የአልትራቫዮሌት መብራት ሲያበሩበት ወተት መስሎ ያበራል። መብራቱ ከሌለህ ከአንድ መስታወት ሁለት ቁራጭ ቁረጥ፤ አንዱን በዚህ ፊት፣ ሌላውን በዚያ ፊት ቀብተህ አብረህ ተኩስ።

ገብርኤልን ልታድነው አትልፋ። ጥቁሩን ለማብሰል ወደ 660 ብታወጣው ቢጫው ይብስበታል። አዲስ መስታወት ቁረጥ፤ አሮጌውን ቆራርጠህ መሞከሪያ አድርገው። የምድጃህን ሙቀት መለኪያም አትመን፤ 10 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት ቢጫው ላይ ይታያል። በ550፣ በ565 እና በ580 አንድ አንድ ቁራጭ ሞክር።

ጥቁሩን ስትለውስ የግራር ሙጫ አታብዛ። ከእኛው ቆላ የሚለቀም ነው፣ ግን ርካሽነቱ አያታልልህ፤ ሲበዛ መስመሩ እሳት ላይ ይንፈቀፈቃል። ጠብታ ይበቃል። ቀለሙ ሲደርቅ በጣት ስትነካው ትንሽ ዱቄት ቢለቅ ጥሩ ነው፤ እንደ ቫርኒሽ ካብለጨለጨ ሙጫው በዝቷል።

ብዙ ጥቁር ቀለሞች እርሳስ አለባቸው፤ ደረቁን ዱቄት ስትነካ ጭምብል አድርግ፣ የማእድ ቤት ዕቃም አትጠቀም። ለብሩ የተለየ ብሩሽ ያዝ፤ ብረት ያለው ብሩሽ ያበላሸዋል፣ ብሩም ቆዳ ላይ ካረፈ ያጠቁራል። ምድጃውን ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አትክፈት። ከቢጫው ላይ የሚቀረውን ሸክላ በውሃና በጨርቅ አጥበህ፣ መስታወቱን ብርሃን ላይ ያዘው፤ ትክክለኛውን ቢጫ ያኔ ታየዋለህ።