ከወሬያቸው የማያንሱ ኮሚኮች፦ ለወሎ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ደሴ ላይም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሥዕል የሚወዱ ወጣቶች ሲያገኙኝ አንድ ጥያቄ አላቸው። «ጋሼ፣ ስለዚህ ኮሚክ ሁሉም ሰው ያወራል። እውነት የሚባለውን ያህል ነው?» ጥያቄው ደስ ይለኛል። ሥዕል ሳስተምርና ለመማሪያ መጻሕፍት ስሥል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በሥዕል የተነገረ ታሪክ የሕፃን መጫወቻ ነው ሲባል ስሰማ ዛሬም ያመኛል። ስለዚህ መልሱን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፍላችሁ። የውጭዎቹን መጻሕፍት ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የኛን ነገር በኛ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

መጀመሪያ ወሬውን ራሱን እንለይ። አንዳንዱ ወሬ ስለ መጽሐፉ አይደለም፣ ስለ ገንዘቡ ነው። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት የ1938ቱ መጽሔት ሲሸጥ ዋጋው 10 ሳንቲም የአሜሪካ ነበር። በ2024 ከዚያው መጽሔት አንዱ ቅጂ 6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እንዲህ ያለ ዜና ሰውን ያጓጓል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ኮሚክ የሚገዛው ለማንበብ ሳይሆን ለማስቀመጥ ሆነ። አሳታሚዎቹም ይህን አወቁ። በ1991 አዲሱ «ኤክስ ሜን» ቁጥር 1 በአምስት ዓይነት ሽፋን ወጣና ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ1992 መጨረሻ ሱፐርማን የሚሞትበት ቁጥር በታሸገ ጥቁር ፕላስቲክ ወጣ። ሰው በሚሊዮን ገዛው። እሽጉን ሳይከፍት ያስቀመጠው ብዙ ነው። በዓመቱ ሱፐርማን ተመልሶ መጣ።

የ1938ቱ ውድ የሆነው የቀረው ጥቂት ስለሆነ ነው። አንብበው ጥለውታል፣ ቀደውታል። ሚሊዮን ሰው በጥንቃቄ ያስቀመጠውን ግን ማን በውድ ይገዛዋል? ገበያው ወደቀ። ብዙ ሱቅ ተዘጋ። የ«ኤክስ ሜን» አሳታሚ ማርቬል ራሱ በ1996 መጨረሻ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ታዲያ «ይህን ያህል ተሸጠ» የሚል ወሬ ስትሰሙ ቆም በሉ። የሽያጭ ቁጥሩ ስለ ገዢው ይነግራችኋል እንጂ ገጹ ላይ ስላለው ነገር አይነግራችሁም። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው «ሳታነቡ እንዳትሞቱ» የሚል ዝርዝርም ብዙ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው የተገለበጠ ነው።

እኔ መጽሐፉን የምለካው በአንድ ነገር ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ታሪኩን ለጓደኛችሁ በአፍ ብቻ ንገሩት። ምንም ሳይጎድል ከተነገረ ሥዕሉ ጌጥ ነበር ማለት ነው። «አይ፣ ይሄንንማ ራስህ ካላየኸው አይገባህም» ብላችሁ ስልካችሁን ካወጣችሁ፣ ያ መጽሐፍ ወሬው ይገባዋል።

«ዋችሜን» የሚባለው የሱፐርሄሮ ኮሚክ ይህን ፈተና ያልፋል። ደራሲው አለን ሙር፣ ሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ ነው። በ1986 እና 1987 በ12 ቁጥር የወጣ ሥራ ነው። «ታይም» መጽሔት በ2005 ከ1923 ወዲህ በእንግሊዝኛ የተጻፉ 100 ምርጥ ልብ ወለዶችን ሲመርጥ አስገብቶታል። ይህ ሁሉ ክብር ለምን? ገጹን እዩት። አብዛኛው ገጽ ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ እኩል ሳጥን ነው። ያ እኩል ምት ከተለመደ በኋላ ድንገት አንድ ሳጥን ሲሰፋ ልብ ይደነግጣል። አምስተኛውን ቁጥር ደግሞ ከፊትና ከኋላ እያስተያያችሁ ተመልከቱት። የመጀመሪያው ገጽ አሠራር ከመጨረሻው ጋር፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር ይመሳሰላል፣ እንዲህ እያለ መሀል ላይ ይገናኛል። ይህን በአፍ መናገር አይቻልም። በፊልምም አይሠራም፣ ፊልም ገጽ የለውም። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። መጽሐፉ ጭካኔና የወሲብ ጥቃት አለበት። 18 ዓመት ያልሞላችሁ ቆዩት። አይጠፋም።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ። አንድ ብቻ አንብቡ ብባል «ማውስ»ን እላለሁ።

አርት ስፒገልማን አባቱን እየጠየቀ፣ ድምፁን በቴፕ እየቀዳ የሠራው ነው። አባትየው ከናዚዎች የሞት ካምፕ ከኦሽዊትዝ የተረፈ የፖላንድ አይሁዳዊ ነው። ሥራው ከ1978 እስከ 1991 ዘለቀ። በሁለት መጽሐፍ ወጣ፣ በ1992 ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት በልዩነት አገኘ። እስከዚያ ድረስ ሽልማቱን ያገኘ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልነበረም። በ2022 በቴነሲ ግዛት አንድ የትምህርት ቦርድ ከማስተማሪያነት ሲያወጣው ደግሞ እንደገና ገበያ ላይ ተሻሙበት።

አይሁዶቹ የአይጥ ራስ አላቸው፣ ጀርመኖቹ የድመት፣ ፖላንዶቹ የአሳማ። መጀመሪያ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ለኛ ግን እንግዳ መሆን የለበትም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ክፉው ግን በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ገበሬም ከሩቅ አይቶ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ስፒገልማንም እንዲህ ያለ መለያ ሠራና ከዚያ ራሱ ያስጨንቀዋል። አባትየው ፖላንዳዊ መስሎ ለማለፍ ሲሞክር የአሳማ ጭምብል በክር አስሮ ይታያል። አንዲት ክር ብቻ ናት። ብትበጠስ ሰውዬው አለቀለት። ይህን ፍርሃት በሦስት ገጽ ጽሑፍ የማይገልጸው ጸሐፊ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ልጁ የእናቱን ማስታወሻ ይፈልጋል። እናትየዋም ከዚያ እሳት ተርፋ ነበር፣ በኋላ ራሷን አጠፋች። አባትየው ማስታወሻዎቹን ማቃጠሉን ያምናል። ልጁ ይጮህበታል። እዚህ ጋ መጽሐፉን ዝም ብላችሁ አትለፉት። የናንተስ ቤት?

የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያዩ ሰዎች በየቤታችሁ አሉ። ኮረም መጠለያ የነበሩ አሉ፣ ከቀዬአቸው ተነቅለው ለሠፈራ የተጫኑ አሉ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ደግሞ እናንተው ራሳችሁ ነበራችሁ። ትላልቆቹ ስለዚያ ዘመን ብዙ አይናገሩም። «አላህ አያምጣው» ወይም «እግዜር አይመልሰው» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። አልፈርድባቸውም። ግን ማስታወሻው ሳይቃጠልም፣ ሰውዬው ሲሞት አብሮት ይሄዳል። ስፒገልማን ስለ አባቱ የሣለው ሁሉ የሚያምር አይደለም። አባትየው ቆጥቋጣ ነው፣ ነዝናዛ ነው፣ ጥቁር ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ ይበሳጫል። ይህን ስላልደበቀ ነው ያመንኩት። ቅዱስ አድርጎ ቢሥለው ኖሮ መጽሐፉን ግማሽ ላይ አስቀምጠው ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የኬጂ ናካዛዋን «ባዶ እግሩ ጌን» አንብቡ። ሰውዬው የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ ትምህርት ቤት በር ላይ ነበር። የኮንክሪት አጥር አዳነው። አባቱን፣ እህቱንና ታናሽ ወንድሙን አጣ። ለብዙ ዓመት ስለዚያ ቀን መሣል አልፈለገም። እናቱ በ1966 ከሞተች በኋላ ነው የጀመረው፣ ጌንም በ1973 በሳምንታዊ የልጆች መጽሔት መውጣት ጀመረ። ከባድ ነው። ማንጋ፣ የጃፓን ኮሚክ ማለት ነው፣ ድብድብ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ያንብብ።

እንግሊዝኛው ለሚከብዳችሁ «ፐርሴፖሊስ» ይሻላል። ማርጃን ሳትራፒ በፈረንሳይኛ በአራት ቅጽ ከ2000 እስከ 2003 ያወጣችው ነው፣ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ኢራን ውስጥ አብዮትና ጦርነት ሲመጣ የነበረች ልጅ የራሷ ታሪክ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ። የምትወደው አጎቷ በተገደለ ጊዜ ልጅቷ ጨለማ ሕዋ ውስጥ ብቻዋን ተንሳፍፋ ትታያለች። በአብዮት ዘመን የኖረ የኛ አገር አባትና እናት ያቺን ሥዕል ብታሳዩት ማብራሪያ አይፈልግም።

ሁሉም ሐዘን መሆን የለበትም ደግሞ። «አያ» የሚባለው የማርጌሪት አቡኤና የክሌማን ኡብርሪ ሥራ ኮትዲቯር፣ አቢጃን ከተማ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ ስለነበሩ ሴት ልጆች ነው። ጭፈራ አለ፣ ፍቅር አለ፣ የሠፈር ሐሜት አለ። የአፍሪካ ከተማ ያለ ጦርነትና ያለ ረሃብ ሲሣል ማየት ለኔ ትልቅ ደስታ ነበር። አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ለለመዳችሁት የሂሮሙ አራካዋን «ፉልሜታል አልኬሚስት» እላለሁ፤ 27 ቅጽ ነው፣ የጀመረውን ክር ሁሉ ይቋጫል። መጨረሻውን አውቆ የሚጓዝ ደራሲ ብርቅ ነው።

የኛውስ? «ጀምበር» አለ። በሥራት ደበበ በመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በፈረንጅ 2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣ የኢትዮጵያ ሱፐርሄሮ ነው። በአማርኛ አንብቡት። የአማርኛ ቃል የንግግር ክቧ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ልብ በሉ። ግሳችን ይረዝማል፣ ቦታ ይበላል። ይህን ጥያቄ መፍታት ያለበት የኛ ሠዓሊ ነው፣ ማንም ከውጭ መጥቶ አይፈታልንም። የአገር ልጅ ስለሠራው ብቻ አታወድሱት፣ በዚያው በአፍ መንገር ፈተና መዝኑት። ሠሪውን የሚያከብረው ይህ ነው።

ታሪክን በሳጥን ከፋፍሎ መሣልም ለኛ አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥን ተከፍሎ ሲሣል አይታችሁ ይሆናል። በቅደም ተከተል ይነበባል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የተዘጋጀ ባለ ሥዕል ወንጌል አለ። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጃፓን ሠዓሊ ስም በቃል የምትይዙ ልጆች ይህንንም ብታውቁ ደስ ይለኛል።

ስለ አነባበብ አንድ ነገር። አብዛኞቻችሁ በስልክ ነው የምታነቡት፣ ሌላ አማራጭም የለም። ግን ገጹን ወዲያው አጉልታችሁ አንድ አንድ ሳጥን አትብሉ። መጀመሪያ ሙሉውን ገጽ እዩ። ዓይናችሁ የት እንደሚሄድ፣ የቱ ሳጥን እንደሚበልጥ፣ የት ባዶ እንደተተወ እዩ። ከዚያ አጉሉ። ማንጋ ከሆነ ከቀኝ ወደ ግራ መሆኑን አትርሱ። በሁለት ሳጥን መካከል ያለችው ነጭ ክፍተት ላይ ደግሞ ቆም በሉ። በአንዱ ሳጥን ሰውዬው በር ይከፍታል፣ በሚቀጥለው አልጋ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። በመካከሉ የሆነውን የሞላችሁት እናንተ ናችሁ። ደካማ ሠዓሊ ለዚህ ሥራ አያምናችሁም፣ ሁሉንም እየሣለ ያሰለቻችኋል።

መሣል የምትፈልጉም አላችሁ። ታብሌት የለንም፣ ጥሩ ቀለም ደሴ ውስጥ አይገኝም ትሉኛላችሁ። አብሽሩ። «ማውስ» የተሣለው በተራ የታይፕ ወረቀት ላይ፣ በቀለም በሚሞላ ብዕር፣ በሚታተምበት መጠን ነው። ሲሳሳት በነጭ ማጥፊያ እያጠፋ። ይህ ሁሉ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለ።

በአንድ ገጽ ጀምሩ። ስለ ሱፐርሄሮ ሳይሆን ስለ አያታችሁ። ቡና ተፈልቶ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪጠጣ አብራችኋት ቁጭ በሉ። ስለ ረሃቡ አትጠይቋት፣ ያ በሩን ይዘጋዋል። ልጅ ሆና ገበያ የምትሄድበት መንገድ በየት በኩል እንደነበር፣ ምን ተሸክማ እንደምትሄድ፣ ማን አብሯት እንደሚሄድ ጠይቋት። ፈቃዷ ከሆነ ስልካችሁን ለመቅጃ ክፈቱ። እሷ እየተናገረች አትሣሉ፣ አድምጡ። ማታ ወረቀቱን ዘጠኝ ቦታ ክፈሉት። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ንግግሩን ቀድማችሁ ጽፋችሁ፣ ክቧን በኋላ ዙሪያውን ሥሩ፤ ክቧን ቀድሞ የሠራ ሰው ፊደሉ አይበቃውም። ስትጨርሱ ወስዳችሁ አሳዩዋት። «እንዲህ አልነበረም» ካለች የቱ ሳጥን እንደሆነ ጠይቁና እንደገና ሣሉት።