ቢጫ ቀበቶ ለቋመጣችሁ የድሬ ልጆች

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ እንደ ፊዚዮቴራፒስትም፣ ጁጂትሱ ከሚባለው የጃፓን ትግል ምንጣፍ ጋር እንዳረጀ ሰውም ሆኜ ነው። አዲስ ተማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «መጣል መቼ ነው የምንማረው?» ብሎ ነው። መውደቅ ስትችሉ ነዋ!

የእጁ አንጓ ተሰብሮ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። አዳለጠው፣ መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ሊደገፍ ሞከረ፣ ክብደቱ ሁሉ አንጓው ላይ አረፈ። ጃፓኖቹ ኡኬሚ የሚሉት የአወዳደቅ ልምምድ የሚያስተወን ይህንኑ ነው። ወደ ኋላ ስትወድቁ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ አስጠጉ፣ ጭንቅላታችሁ ምንጣፉን እንዳይነካ። ጀርባችሁን አጉብጡ፣ ትንፋሻችሁን አውጡ። ክንዳችሁን ከጎናችሁ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ከክርን እስከ መዳፍ ባለው ምንጣፉን ምቱ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከሚደበድባችሁ ሰው ይልቅ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ የሚጥላችሁ ጊዜ ይበዛል።

ሰው አንጓችሁን ሲይዝ ደግሞ ወደ ኋላ አትጎትቱ። የጭብጡ ደካማ ቦታ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር የሚገናኝበት ነው። የአንጓችሁን ቀጭን ጎን ወደዚያ አዙሩ፣ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ግቡ፣ ክርናችሁን ወደ ክርኑ አስጠግታችሁ አውጡት። ከዚያ ሩጡ! ማታ ከዚራ ዛፎች ሥር ቢላ የያዘ ሰው ስልክ አምጣ ካለ ስልኩን ስጡት። ስልክ ይገዛል።

ወደ ቢጫ ቀበቶው ፈተና ልምጣ። በቀበቶ ቀለም ብዙ አትጨነቁ። የጥንቶቹ የጁጂትሱ ቤቶች ለተማሪያቸው የሚሰጡት በጥቅልል የተጻፈ ፈቃድ ነበር። ዳን የሚባለውን የጥቁር ቀበቶ ደረጃ ያመጣው ጁጂትሱ ተምሮ በ1882 እ.ኤ.አ. ጁዶን የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ ነው፤ ባለ ቀለም ቀበቶዎቹ ከዚያም በኋላ የመጡ ናቸው። ጀማሪን የሚፈትን ሰው ጉልበት አያይም። ኦ ጎሺ የሚባለውን በዳሌ አንስቶ መጣል ስትሠሩ ጓደኛችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ሚዛኑን አሳታችሁት ወይ? ስትጥሉትስ እጅጌውን ይዛችሁ በደህና አሳረፋችሁት ወይ? እኔ የጓደኛውን አወዳደቅ የማይጠብቅ ልጅ ምንም ያህል ቢፈጥን አላሳልፈውም። ጓደኛችሁ በቃኝ ለማለት በእጁ መታ መታ ካደረገ ወዲያው ልቀቁት። አንገት ላይ በደንብ የገባ ማነቅ ደም ወደ አንጎል እንዳይደርስ ስለሚያግድ በሴኮንዶች ውስጥ ራስ ያስታል።

ስለ ድሬ ሙቀት ለናንተ አልነግርም። ልምምዱን ጠዋት በማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ አድርጉት፣ ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ከበርጫ ተነስታችሁ ግን አትምጡብኝ። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ባዶ ሆድ፣ የሚጋልብ ልብና ያ ሙቀት ተደምረው ሰው ይጥላሉ። ይህን የምለው ስለምሳሳላችሁ ነው፣ አቦ።

ከፈተናው በፊት ባለው ምሽት አዲስ ነገር አትለማመዱ። ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ቀለበትና ሐብል ቤት ተዉ፣ በጊዜ ተኙ። ካላለፋችሁ የቱ እንደጎደለ ፈታኙን እዚያው ጠይቁት። በሚቀጥለው ልምምድ በእሱ ጀምሩ።